ለእትዬ ቅቤ የመረጥኩት ቃል

ሃያ ዓመት ያህል እንግሊዝኛ አስተምሬ ጉሮሮዬ እምቢ ሲለኝ ጠመኔውን ጣልኩና መርካቶ ገባሁ። ከራጉኤል ወደ ሸማ ተራ ሲታለፍ ካሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ኮምፒውተርና ሁለት ማተሚያ ይዤ ተቀመጥኩ። ሥራዬ ስቲከር ነው። ማር፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ፈሳሽ ሳሙና፣ የፀጉር ቅባት፣ ብቻ በዕቃ ተሞልቶ የሚሸጥ ማንኛውም ነገር ላይ የሚለጠፈውን ወረቀት እሠራለሁ። ነጋዴው አማርኛውን ራሱ አሰናድቶ ይመጣል፤ እኔን የሚፈልገኝ ለእንግሊዝኛው ነው። እንግሊዝኛውን ሻጩ አያነበውም፣ አብዛኛው ገዢም አያነበውም፤ ግን እሱ የሌለበትን ዕቃ ማንም አያምነውም። ለዚህ ነው ጎረቤቱ ሁሉ እስከ ዛሬ «ቲቸር» የሚለኝ።

በማስተምርበት ዘመን ተማሪዎቼን የማሰለቸው በአንድ ነገር ነበር፤ ሁለት ቃል መቼም አንድ አይሆንም እያልኩ። «ክሊን»ም «ፒዩር»ም ንጹህ ማለት ነው ብሎ የጻፈ ተማሪ ከእኔ ዘንድ ሙሉ ነጥብ አግኝቶ አያውቅም። የታጠበ ብርጭቆ ክሊን ነው፤ ወርቅ ግን ፒዩር የሚባለው ስለታጠበ ሳይሆን መዳብ ስላልገባበት ነው እል ነበር። ልጆቹ ያዛጋሉ። እኔ ግን ይህን ሥራ እወደው ነበር። ከተመሳሳይ ቃላት መሃል ልኩን ለይቶ ማውጣት ምስር እንደ መልቀም ነው፤ ጠጠሩን በዓይንም በጣትም ታገኘዋለህ። መርካቶ ስገባ ግን ለሁሉ ነገር አንድ ቃል ብቻ ጠበቀኝ፤ «ኦርጅናል»። ጫማው ኦርጅናል፣ ሽቶው ኦርጅናል። አንዱ ደንበኛዬማ ስለሚሸጠው ቀበቶ «ፎርጅድ ነው፣ ግን ኦርጅናሉ ፎርጅድ» ብሎኛል። ያኔ ሆዴን ይዤ ስቄ ነበር፤ አሁን ግን እንዲህ ያለ ነገር አያስቀኝም።

ከሕንፃው ደረጃ ሥር ሻይ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከስልጤ የመጣች፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት፣ ሙስሊም ናት። ጠዋት ጠዋት ሻዬን እስከ ሁለተኛ ፎቅ ይዛልኝ ትወጣለች፤ ወርደው ይጠጡ ብላኝ አታውቅም። ለፋሲካ ድፎዬን እቆርስላታለሁ፣ ለኢድ ጣፋጩን ታመጣልኛለች። ሥጋችን ብቻ ለየብቻ ነው። የእኛን እርድ እሷ አትበላም፣ የእነሱን እርድ እኛ አንበላም፤ ይህ ማንንም አስቀይሞ አያውቅም። ወተት፣ ማር፣ ቅቤ ግን የጋራ ነው።

ይቺ ሴት ካገባች ሰባት ዓመት ሆኗት ልጅ አልያዘላትም ነበር። በመጨረሻ ሲይዝላት ደረጃውን ስትወጣ በየመታጠፊያው እየቆመች ታርፋለች፤ እኔ «ተይ፣ ራሴ እወርዳለሁ» ስላት «ዶክተሯ እንቅስቃሴ ጥሩ ነው ብላኛለች» ትለኛለች። የምታወራው ስለ አራስ ቤቷ ብቻ ነበር። እናቷ ከገጠር ሊመጡላት ነው። ገንፎ በቅቤ ትበላለች፣ አናቷን በቅቤ ትቀባለች፣ ሕፃኑም እንደ አገሩ ልማድ ቅቤ ይውጣል። ይህን የመጨረሻውን ሐኪሞቹ እንደማይወዱት ነግሬያት ነበር፤ «እኛን ሁላችንን አውጠውናል፣ ምን ሆንን?» ብላ ሳቀች። ዋናው ጭንቀቷ ሌላ ነበር።

«ቲቸር፣ ቅቤ ከማን ልግዛ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ዛሬ እኮ ምኑን ከምኑ እንደሚቀላቅሉት አይታወቅም። ሰባት ዓመት ጠብቄ ቆሻሻ ልብላ?»

«ከእትዬ ነዋ!» አልኳት። «ሌላ ማን አለ?»

እትዬ ያልኳቸው ቅቤ ተራ ላይ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ነጋዴ ናቸው። ስማቸውን ልተወው፤ ሰፈሩም ቢሆን እትዬ እያለ ነው የሚጠራቸው። ነጠላቸው ሁልጊዜ ነጭ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሴት ናቸው። ከራጉኤል እስከ ተክለ ሃይማኖት በእሳቸው ቅቤ ያልታረሰች ሴት የለችም ቢባል ማጋነን አይሆንም። እኔንም መጀመሪያ ስመጣ ሰው ሳያውቀኝ ከማር ነጋዴውም ከሽሮ ነጋዴውም ያገናኙኝ እሳቸው ናቸው። እናቴ ቅቤ የምታስገዛኝ ከእሳቸው ነበር። ስለዚህ ለሻይ ሻጯ የሰጠሁት ምክር ከልብ ነበር፤ ያን ጊዜ ከልብ ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ እትዬ ደረጃውን ቀስ እያሉ ወጥተው መጡ። እስከዚያ ድረስ ቅቤያቸውን በኪሎ እየመዘኑ ነበር የሚሸጡት፤ አሁን ዘመኑ ተለውጧል፣ በባለ ክዳን የፕላስቲክ ዕቃ አሽገው ለሱፐርማርኬትም ለውጭ አገር መንገደኛም ሊያቀርቡ ነው። አማርኛውን በልጃቸው አስጽፈው ይዘውታል፤ «ንጹህ የሸኖ ለጋ ቅቤ»።

«ንጹህ መሆኑን በእንግሊዝኛ አድርጊልኝ» አሉኝ። «አማርኛውንማ ማን ያምነዋል?»

ደስ አለኝ። አንድ ሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ከኦርጅናል ሌላ ቃል ጠየቀኝ። ወንበር ሰጥቼ ክፍል ውስጥ እንዳለሁ ሁሉ ማስረዳት ጀመርኩ። ክሊን ብንል ያልቆሸሸ ማለት ነው፣ ለቅቤ ያንሳል፤ ፍሬሽ ብንል ለጋ ማለት ነው፣ እሱ ለብቻው ይጻፋል፤ ሪል ብንል እውነተኛ ነው፣ ግን «ሌላው የውሸት ነው» የሚል ጠብ አለበት። ለእርስዎ የሚሆነው ፒዩር ነው አልኳቸው፤ ምንም ነገር ያልተቀላቀለበት።

«ምንም?» አሉ።

«ምንም።»

«ይሁን እንግዲህ፣ የተማርሽው አንቺ ነሽ» ብለው ተነሡ። ለስቲከሩ የዕቃውን ዙሪያ መለካት ነበረብኝ። እሳቸው «ዕቃውን እልክልሻለሁ» ብለውኝ ነበር። በነጋታው ሳይልኩልኝ ሲቀሩ ግን ቸኩዬ ራሴ መጋዘናቸው ሄድኩ።

መጋዘኑ ከቅቤ ተራ ጀርባ ባለች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ነው። ከመድረሴ በፊት ሽታው መጥቶ ተቀበለኝ። የበሰለ ቅቤ እንደሚሸት አውቃለሁ፤ ይሄ ግን እሱ አይደለም። የተረሳ ሥጋ፣ የተቃጠለ ፀጉርና ያረጀ የመጥበሻ ዘይት አንድ ላይ ተደርጎ አፍንጫዬ ውስጥ የተወተፈ መሰለኝ። በሩን የከፈተችልኝ ሠራተኛ አፍና አፍንጫዋን በሻሽ ጠቅልላ አስራለች። «ዕቃ ለመለካት ነው» ስላት «ግቢ» አለችኝ፤ የሚደበቅ ነገር ያለ አልመሰላትም።

ወለሉ ላይ ሕፃን የሚታጠብበት የሚያህል ሳፋ አለ። ውስጡ ነጭ፣ ቢጫና ግራጫ ነገር ተዘባርቋል። ከጎኑ የሚረጋ ዘይት ጀሪካን፣ ልጣጩ የጠቆረ የሙዝ ክምር፣ ለቀለሙ በኩባያ የተቀመጠ የእርድ ዱቄት። ምድጃው ላይ ትልቅ ድስት ተጥዷል፤ ላዩ ላይ ግራጫ አረፋ እየኮፈሰ ይፈርጣል። ሴትየዋ እጅጌዋን ሰብስባ እስከ ክርኗ ሳፋው ውስጥ ገባች። ስታወጣው ክንዷ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ በቅባቱ ተለጥፏል። አንድ ዝንብ መሃሉ ላይ ወድቆ ሲታገል አየችና በሁለት ጣቷ አውጥታ ግድግዳው ላይ ጠረገችው። ግድግዳው ላይ የተጠረገው ዝንብ ያ ብቻ አልነበረም።

«ድስቱ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?» አልኳት።

«ሞራ ነው። ከቅበላ የተረፈ። ሥጋ ቤቶቹ ጾም ሲገባ ጠራርገው ይሰጡናል።»

ከቅበላ ወዲህ ስንት ሳምንት እንደሆነ በልቤ ቆጠርኩ። አፌ ውስጥ ምራቅ ሞላ፤ የሚጣፍጥ ነገር ሲታይ የሚመጣው ዓይነት ምራቅ አይደለም። «አፍሽን የሸፈንሽው ከሽታው ነው?» አልኳት።

«ኧረ ሽታውንማ ለምጄዋለሁ!» ብላ ሳቀች። «ቢረጭብኝስ? አፌ ውስጥ ቢገባ ጾሜን ልገድፍ?»

ይህን ያለችው ከልቧ ነው። አልቀለደችም። ጾሟ እንዳይፈርስ ከዚያ ነገር አንዲት ጠብታ ከንፈሯን እንዳትነካው ትጠነቀቃለች፤ ሳፋ ሙሉውን ለሰው ልጅ ታዘጋጃለች። ቀምሳው እንደማታውቅ ሳይታለም የተፈታ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ለሃምሳ አምስት ቀን ያን ቅቤ የሚቀምስ ሰው የለም።

እስከ ዛሬ ራሴን የምታዘበው ግን ከዚህ ቀጥሎ ባደረግኩት ነው። ሜትሬን ከቦርሳዬ አወጣሁና የዕቃውን ዙሪያ ለካሁ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፍኩ። «እግዜር ይስጥሽ» ብያት ወጣሁ። ደጅ ላይ አንድ ግንብ ተደግፌ አስመለሰኝ።

ቢሮዬ ገብቼ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ሻይ ሻጯ ሻዬን ይዛ ስትመጣ «ምነው ቲቸር፣ ፊትዎ አመድ መሰለ?» አለችኝ። ሆዷ ከሻይ ብርጭቆው ቀድሞ ነው በበሩ የገባው። ያን ጊዜ ልነግራት ይገባ ነበር። በልቤ ግን «መጀመሪያ ከእትዬ ጋር ልነጋገር፣ ምናልባት ያስተካክሉት ይሆናል፣ የሰው ስም በከንቱ ከማጠፋ» አልኩ። «ባዶ ሆዴን ወጥቼ ነው» አልኳትና ሻዩን ሳልነካው አቀዘቀዝኩት።

እትዬ በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ መጡ። ነጠላቸው እንዳለ ነው።

«መጋዘን ሄደሽ ነበር አሉ» አሉኝ።

«ሄጄ ነበር።»

«እና? ስቲከሩ ደረሰ?»

እንደሚያፍሩ፣ እንደሚቆጡ፣ ወይም ሠራተኛዋ ላይ እንደሚያላክኩ ጠብቄ ነበር። አንዱንም አላደረጉ። «እትዬ፣ ያ እኮ ቅቤ አይደለም» አልኳቸው።

«ቅቤ የለበትም?»

«አለበት።»

«እንግዲያስ!» አሉ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «ልጄ፣ ንጹሁን ባቀርበው ማን ይችለዋል? ዋጋውን ሰምቶ ነው የሚሮጠው። እኔ ድሃው ቅቤ ቀመስኩ እንዲል ነው የምደክመው። ደግሞ በእጄ አልነካውም፤ ጾም ነው።»

ያቺ ሠራተኛ የጾሙን ነገር ከማን እንደተማረችው ያኔ ገባኝ። ሻይ ሻጯ ትዝ አለችኝ። የእሳቸውም ውለታ ትዝ አለኝ፤ ውለታቸው ብቻ ሳይሆን፣ ቢቀየሙኝ ደረጃዬን የሚወጣ ነጋዴ እንደማይኖርም ትዝ አለኝ። ከሦስቱ የቱ እንዳሸነፈ ለመናገር ያስጠላኛል። ቢሆንም «ፒዩር ብዬ ግን አልጽፍም» አልኳቸው። እንዴት ያለ ኩራት እንደተሰማኝ! መምህርነቴ የተመለሰ መሰለኝ።

«ታዲያ ምን ትጽፊያለሽ?» አሉ።

መዝገበ ቃላቱን አወጣሁ። አንድ ወሬኛ ያኔ በበሩ አሾልኮ ቢያይ፣ ነጠላ የለበሱ አዛውንትና መነጽር ያደረገች ሴት በአንድ መጽሐፍ ላይ አቀርቅረው ሲያይ፣ ውዳሴ ማርያም የምንደግም ይመስለው ነበር። ፍሬሽ አይሆንም፤ ሞራው ከቅበላ የተረፈ ነው። ክሊን አይሆንም፤ ዝንቡን አይቻለሁ። ሪል አይሆንም። ጄንዊን፣ ትክክለኛው ማለት ነው፣ አይሆንም፤ እሱማ ከነአባቱ ውሸት ነው። ጣቴ ገጹን ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ «ናቹራል» ላይ ቆመ።

«ከተፈጥሮ የተገኘ ማለት ነው» አልኳቸው። ሙዝ ከተፈጥሮ ነው። ዘይቱም ከዛፍ ነው። ሞራውም ከበሬ ነው፣ በሬም የእግዜር ፍጥረት ነው። ዝንቡም ሳይቀር። «ይሄ ቃል ውሸት የለበትም» አልኩ።

እትዬ መዝገበ ቃላቱን በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው «ትምህርት ደግ ነው» አሉ።

የአማርኛው «ንጹህ» እንዳለ ቀረ። እሱ የእሳቸው ነው፣ የእኔ ኃላፊነት እንግሊዝኛው ነው ብዬ ነበር ለራሴ የተናገርኩት። ሁለቱም ቃል እኩል በሚያምር አረንጓዴ ፊደል፣ በአንዲት ላም ሥዕል ሥር፣ ከአንድ ማተሚያ ወጣ። ጥሩ ወረቀት፣ ጥሩ ሙጫ መረጥኩለት። ለሳምንታት አዲስ ሥራ ሳሳያቸው ደንበኞቼ «እንደ እትዬ ቅቤ አድርጊልን» ይሉኝ ነበር።

እቤት ገብቼ ለእናቴ ከእንግዲህ የእትዬን ቅቤ እንዳትበላ ነገርኳት። ምክንያቱን ስትጠይቀኝ «ኮሌስትሮል» አልኳት። «እሱ ደግሞ የማን ልጅ ነው?» አለች። ካነጠረችው የተረፈውን አልጣለችውም፤ ከእኛ አጥር ማዶ ላሉት ጎረቤቶች ሰጠች። ለሰው ስትሰጥ ቆሜ አየሁ። ሰዎቹም እናቴን ደጋግመው መረቋት፣ እኔም አብሬ አሜን አልኩ።

የፋሲካ ሰሞን ቅቤው በዕቃ ተሞልቶ ወጣ። ከጾሙ የወጣ ሰው ሁሉ በየእጁ ያንጠለጠለው የእኔን ሥራ ነበር። አንድ ጠዋት ደረጃውን ስወጣ ሻይ ሻጯ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች፤ መውለጃዋ በጣም ቀርቦ ነበር። ከሥር ካለው ሳጥኗ ውስጥ ዕቃውን አውጥታ በሁለት እጇ ከፍ አደረገችው።

«ቲቸር! እርስዎ ያሉኝን ገዛሁ!» አለች። «ደግሞ ስቲከሩን ሳየው የእርስዎ ሥራ መሆኑን አወቅኩት። አይደለም? ልቤ ያን ጊዜ አረፈ።»

ሁለት ሰዎች ሻይ እየጠጡ ነበር። አንዱ የእትዬ ዘመድ መሰለኝ፤ መሆኑንም እርግጠኛ አልነበርኩም። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት መጣልኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «በሰላም ያገላግልሽ» የሚል ነበር። እሷም «አሚን» አለች። ደረጃውን እየወጣሁ ማታ እነግራታለሁ አልኩ። ማታ ስወርድ ቀደም ብላ ሄዳ ነበር። በማግስቱ በቦታዋ ሌላ ሴት ተቀምጣ ሻይ ትሸጣለች። ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገብታለች አሉኝ።

ሴት ልጅ ወለደች። ሰው ሁሉ አራስ ሊጠይቅ ሲሄድ እኔ የሕፃን ልብስና ሳሙና በሰው ላክሁ። ራሴ አልሄድኩም። እዚያ ቤት ብሄድ ገንፎው መሃሉ ጎድጎድ ብሎ፣ ቅቤው ፈስሶበት ይቀርብልኛል፤ አልበላም ማለት ነውር ነው፤ መብላት ደግሞ አልችልም። በዚያን ሰሞን እንኳን መብላት፣ የቀለጠ ቅቤ ከሩቅ ሲሸተኝ ያ ድስት አረፋውን ይዞ ይመጣብኝ ነበር። ሌሎች አራሶችም ነበሩ፤ በዚያ ጾምና ፋሲካ መሃል በሰፈሩ የወለደች ሁሉ። እነሱን አላውቃቸውምና እምብዛም አላሰብኳቸውም።

አርባ ቀኗን ጨርሳ መጣች። ደረጃውን ሳታርፍ ወጣች። ልጅቷን በጀርባዋ አዝላለች፤ ፊቷ ሞልቶ፣ ቆዳዋ ጠርቶ፣ ሌላ ሰው መስላለች። ተነሥቼ ሳምኳት። ወንበር ሰጠኋት፤ ልጅቷን ፈትታ ጭኗ ላይ አስተኛቻት። ከፌስታል ውስጥ ያንን የቅቤ ዕቃ አወጣች። ባዶ ነው፤ በደንብ ታጥቦ ያብረቀርቃል። ስቲከሩ ጫፉ እንኳን አልተነሣም።

«እናቴ ነገ ወደ አገር ትመለሳለች» አለችኝ። «ዕቃውን ለማስታወሻ እወስደዋለሁ አለች። ልጄ በምን እንደታረሰች ለሰፈሩ ሴት አሳያለሁ ብላ። እንግሊዝኛው ምን እንደሚል ጠይቂልኝ ስትለኝ፣ የጻፉት ቲቸር ናቸው አልኳት። ቲቸር፣ አላህ ይስጥዎት። እርስዎ ባይነግሩኝ እኔ ደንቆሮ ከየትም ገዝቼ ነበር። ልጅቷንም ከእሱ ነው ያዋጥናት። ይዩዋት!»

አየኋት። ጤነኛ፣ ጉንጯ የሞላ ልጅ ናት። ምንም አልሆነችም፤ እናቷም ምንም አልሆነችም። እዚያ ላይ ዝም ብል ነገሩ በዚያው ያበቃ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል፤ ያኔ የተናገርኩት ለእሷ አዝኜ ነው ብል እዋሻለሁ። ምስጋናዋን መሸከም ስላቃተኝ ነው። ያ ምስጋና ከመጋዘኑ ሽታ ባሰብኝ።

«ምን ይላል ታዲያ?» አለች ደግማ።

«ናቹራል ይላል።»

«ንጹህ ማለት ነው?»

«አይደለም» አልኳት። ከዚያ አንዴ ከተጀመረ ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ዘይቱን ነገርኳት፣ ሙዙን ነገርኳት፣ ሞራውን ነገርኳት። ቃሉን እንዴት እንደመረጥኩትም ነገርኳት። ዘይቱና ሙዙ ላይ ፊቷ አልተለወጠም።

«የምን ሞራ?» አለች።

«የከብት።»

«ከየት የመጣ?»

«ከቅበላ የተረፈ።»

ቅበላ ምን እንደሆነ ለመርካቶ ሙስሊም ማስረዳት አያስፈልግም። ክርስቲያኑ ጾም ከመያዙ በፊት ሥጋ የሚሰናበትበት ሰሞን ነው፤ የማን ሥጋ ቤት እንደሚከፈት፣ ቢላዋውን የያዘው ማን እንደሆነ፣ ምን ተብሎ እንደሚታረድ ታውቃለች። እኔ መዝገበ ቃላት ዘርግቼ ስለ ዝንብና ስለ ሙዝ ስመራመር፣ ያ ሞራ ለእሷ ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ እንኳን ትዝ ብሎኝ አያውቅም። አሁን ፊቷን ሳይ ትዝ አለኝ። መልኳ ሲገረጣ ይታይ ነበር።

«እርስዎ መቼ አወቁ?» አለችኝ።

«በጾሙ።»

«እኔ የገዛሁት እኮ ለፋሲካ ነው። እዚህ ታች አሳይቼዎታለሁ።»

«አዎ።»

ዕቃውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች። «እናትዎስ ይበሉታል?»

«አትበላም» አልኳት። «ከልክያታለሁ።»

ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። ብትጮህ፣ ብትሰድበኝ፣ ያንን ዕቃ ፊቴ ላይ ብትወረውረው በወደድኩ ነበር። እሷ ግን ከእኔ ጋር ነገሯን ጨርሳለች። ወደ ልጅቷ ጎንበስ አለች። የሻሿን ጫፍ በጣቷ ላይ ጠቀለለችና የልጅቷን ከንፈር ጠረገች። ደግማ ጠረገች። ከዚያ ጣቷን የልጅቷ አፍ ውስጥ አስገብታ ድዷን፣ ምላሷን፣ ላንቃዋን መጥረግ ጀመረች። ልጅቷ ነቅታ ጮኸች። የሻሹን ጫፍ ገልብጣ በደረቁ በኩል ጠቅልላ እንደገና ጀመረች።

«ተይ እባክሽ» አልኳት። «አርባ ቀን ሆኖታል፤ አፏ ውስጥ አሁን ምንም የለም።»

ቀና ብላ አላየችኝም።

«ቲቸር፣ አሁን ዝም ይበሉ» አለችኝና መጥረጓን ቀጠለች።